ባሕሩ በነሐሴ ወዴት ይሄዳል

አሰብ ያሉ ጎረቤቶቼ መርካቶን አያውቋትም። ብዙዎቹ ከወደቡ እስከ ጨው ማድረቂያው፣ ከጨው ማድረቂያው እስከ ካምፖ ሱዳን ሰፈር ካለው መንገድ ሌላ መንገድ አልረገጡም፤ ከእንግዲህም የሚረግጡ አይመስለኝም። ከተመለስኩ ወዲህ ግን ደጄን የረገጠ ሁሉ «እስኪ ንገሪን» ይለኛል። ለአንዱ ስነግር ወጥ እያረረብኝ ስለተቸገርኩ፣ ለሁላችሁም በአንዴ ልጽፍላችሁ ብዬ በመሠረተ ትምህርት የለቀምኳትን ፊደል ይዤ ተቀመጥኩ። ስለ ፎቅና ስለ መብራት እንዳወራለት የሚጠብቅ ይቅርታ ያድርግልኝ። እኔ ከሁሉ አብልጬ ያየሁት አንድ ግድግዳ ነው።

የሄድኩት ለአባቴ ነው። አባታችን የወሎ ሰው ነበር። ሥራ ፍለጋ ወደ አሰብ ወርዶ፣ ወደብ ላይ ጭነት ተሸክሞ አሳድጎን እዚያው ሞተ። ባሕሩን እስኪሞት አልለመደውም፤ እግሩን እንኳ አያስነካውም ነበር። ሲያጣጥር ለታላቅ ወንድሜ ለሰይድ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው። «አፈር ውስጥ ቅበረኝ፤ ውኃ ውስጥ እንዳትጥለኝ» አለው። ሰይድ ቦታ መርጦ ቀበረው፣ ከዚያም አሰብን ለቆ መርካቶ ውስጥ ጨው ነጋዴ ሆነ።

መቃብሩን የምጠብቀው እኔ ነኝ። ባሕሩ መጀመሪያ ሩቅ ነበር። በጋ በመጣ ቁጥር ግን ከዓመት ዓመት ጠጋ እያለ ሄደ፤ ባለፈው ጥር በአባቴ እግር በኩል ያለውን የመቃብሩን ድንጋይ አልፎ ሲገባ በዓይኔ አየሁ። ሌላ በጋ ሳይመጣ አባቴን ማንሣት ነበረብኝ። የአባት መቃብር ደግሞ ታላቁ ልጅ እሺ ሳይል አይከፈትም። ካቻምና ሰው ብልክበት «ባሕር ከቦታው አይነቃነቅም፣ እሷን ሙቀቱ አናውዟት ነው» ብሎ መለሰልኝ። ስለዚህ ራሴ ተነሣሁ።

ሰኞ። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር የመንገድ ፈቃዱን ከመፈረሙ በፊት «ለምን ጉዳይ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ወንድሜ ታሞ» አልኩት። ውሸቴን ነበር። በኋላ እንዳየሁት ግን ብዙም አልዋሸሁም።

ያሳፈረኝ ጋሽ ግርማ የሚባል የሸዋ ሰው ነው፤ ጨው የጫነ ባለ ተሳቢ መኪና ይነዳል። የነሐሴን የአሰብ ሙቀት ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ባሕሩ እንደ ልማዱ ሸሽቶ፣ የጀልባዎቹ ሆድ አሸዋ ላይ ተጋድሞ ነበር የወጣነው። ትንሽ እንደሄድን፣ ባሕሩ ከኋላችን ከዓይን እንደጠፋ ጎማ ፈነዳ። ጥላ ፍለጋ ብወርድ እግሬ ሥር አንድ ነገር ተንኮሻኮሸ። ዛጎል ነው። ጎንበስ ብዬ ባይ፣ ሜዳው ሁሉ፣ ጉብታው ሁሉ ዛጎልና የባሕር ድንጋይ ነው። ንፋስ የለም፣ ወፍ የለም፣ ውኃ የለም፤ እኔ ግን የባሕር ወለል ላይ ቆሜያለሁ።

«ጋሽ ግርማ፣ ይህን ማን አመጣው?» አልኩት።

«ማንም» አለ ከመኪናው ሥር። «እዚያው የነበረ ነው። እዚህ ጎማ በፈነዳብኝ ቁጥር ዛጎል ላይ ነው የምንጋደመው።»

አንዷን አንሥቼ በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኳት። ለምን እንደሆነ አላውቅም። መኪናው ውስጥ ገብቼ በሩን እስክዘጋ ድረስ ከራሴ በላይ ውኃ ያለ ይመስለኝ ነበር።

ሚሌ አደርን። እዚያ ሰው የሚተኛው ደጅ፣ በጠፍር አልጋ ላይ ነው፤ ሾፌሩም ወታደሩም ጎን ለጎን ተዘርግቷል። የቤቱ ባለቤት ብቻዬን መሆኔን አይታ፣ ምንም ሳልላት አልጋዬን ራሷ ጎትታ ከራሷ አልጋ ጋር አገጣጠመችልኝ። ጠዋት ላይ የሻዩን ሒሳብ እንጂ የአልጋውን አልቀበል አለች። እንደዚህ ያለ ሰው ባይኖር ኖሮ ይህ መንገድ ሴት ልጅ የምታልፈው አልነበረም።

ማክሰኞ። ኬላ፣ ፍተሻ፣ ደግሞ ኬላ። ከአዋሽ ወዲያ መሬቱ ከፍ እያለ ሲሄድ ጆሮዬ ይደፈንብኝ ጀመር። ሰዓት እላፊ እንዳይይዘን ናዝሬት ላይ አደርን። ብርዱ ጥርሴን ሲያንቀጫቅጨው ጋሽ ግርማ ካፖርቱን አውልቆ ጣለልኝና «የወሎ ልጅ አይደለሽም እንዴ? አሰብ አቅልጦሻል» ብሎ ሳቀብኝ።

ረቡዕ። አዲስ አበባ በዝናብ ተቀበለችን። መኪናው እህል በረንዳ አጠገብ አወረደኝ። የእኛን ወደብ ሥራ የሚበዛበት ቦታ አድርጌ እቆጥር ነበር፤ ተሳስቻለሁ። እኛ ጋ ጆንያውን ክሬን ያነሣዋል፣ እዚያ የሰው ማጅራት ነው የሚያነሣው። «ዞር በይ! ዞር በይ!» ይላል አንዱ፤ ስዞር የሌላው ጤፍ ይመጣብኛል። ስሸሽ ጭቃው ውስጥ ገብቼ አንድ እግሬ ባዶውን ወጣ። ኩንታል የተሸከመ ጉራጌ ሸክሙን ሳያወርድ በእግሩ ጣቶች ቆፍሮ ጫማዬን አወጣልኝና «በይ እትዬ፣ ይቺን ሰፈር ጫማሽን በሽቦ አስረሽ ነው የምትገቢባት» ብሎኝ ሄደ። በርበሬ በረንዳን እያስነጠስኩ አልፌ፣ አንዋር መስጊድን ተሻግሬ፣ የወንድሜን ስም እየጠራሁ መጋዘኑን አገኘሁ።

ሰይድ ነው ስላሉኝ እንጂ በመልኩስ አላወቅኩትም። ያ ትከሻው ሄዷል፤ ጉንጩ ገብቷል። አቅፎ ሳመኝና «ለዚያ ነገር ከሆነ የመጣሽው ዛሬ አታንሺብኝ» አለኝ። አላነሣሁበትም።

ባለቤቱ እትዬ ፋጡማ የመጋዘኑ ጀርባ ባለው ቤታቸው ምሳ አቀረበች። ደግ ሴት ናት፤ እርጥብ ልብሴን አስወልቃ የራሷን አለበሰችኝ። ወጡን ስቀምሰው ግን የወጥ ሠሪ ምላሴ አንድ ነገር ያዘ። ጨዉ ሌላ ነው። ጓዳ ገብቼ ባይ አሞሌ በቢላዋ ትፍቃለች። ከግድግዳው ወዲያ እስከ ጣሪያ የተከመረው የአሰብ ጨው ነው።

«እትዬ ፋጡማ፣ የጨው ነጋዴ ቤት አሞሌ ይገዛል?» ብዬ ቀለድኩ።

ወደ በሩ አየት አድርጋ «ብዪ» አለችኝ። ቀልዱን ዋጥኩትና በላሁ።

ሐሙስ። ጠዋት ወንድሜ ጣሳውን ይዞ ለቸርቻሪዎች ሲሰፍር መጋዘኑ ውስጥ ተቀመጥኩ። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ግድግዳውን አየሁት። እንጨትና ጭቃ ነው፤ በኖራ የተለሰነ። ከሥሩ እስከ ወገቤ ድረስ ጠቁሮ ረጥቧል። ከእርጥቡ በላይ አንድ ነጭ መስመር አለ፤ ቀጥ ያለ፣ ግድግዳውን ከጥግ እስከ ጥግ የዞረ። እናንተ ይህን መስመር ታውቁታላችሁ። የወደባችን ምሰሶዎች ላይ ያለው ነው፤ ባሕሩ ደርሶ ሲመለስ የሚተወው። ከእሱ በታች ደግሞ የድሮ መስመሮች ነበሩ፣ አንዱ ከአንዱ ዝቅ ያለ። ጣቴን አስነክቼ ቀመስኩ። አሸተትኩት። ውኃ ከሸሸ በኋላ አሸዋው ላይ የሚቀረው ሽታ ነው፤ በዚያ ተራራ ላይ፣ በዚያ ብርድ።

«ጋሼ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ጨው ነው። ክረምት ላይ ያለቅሳል።»

«በበጋስ?»

«ይደርቃል። ኖራ እቀባዋለሁ፤ በዓመቱ ከፍ ብሎ ይመጣል» አለ ጣሳውን ሳያስቀምጥ።

ያን ጊዜ ስለ አባባ አነሣሁበት። ባሕሩ የእግሩን ድንጋይ እንዳለፈ ነገርኩት። ጆሮው ድረስ ቀላ።

«እኔ እኮ ዝም ብዬ አልቀበርኩትም» አለ። «ያኔ ነሐሴ ነበር። ወንዝ ሁሉ ከአፍ እስከ ገደፉ የሚሞላበት። ባሕሩ እስከ የት እንደደረሰ አየሁ፣ ከዚያ ብዙ ርምጃ ራቅኩ፣ ቆፈርኩ። በክረምት እዚህ ካልደረሰ በበጋ እንዴት ይደርሳል?»

ያን ሁሉ ዓመት ምን አስቦ እዚያ እንደቀበረው አልገባኝም ነበር። እሱና አብረውት የቆፈሩት ሰዎች ደገኞች ናቸው። ደገኛ የሚያውቀው ውኃ በክረምት ሞልቶ በበጋ ይጎድላል። ባሕሩንም በዚያ ለኩት።

«ጋሼ፣ ባሕር ወንዝ አይደለም» አልኩት በዝግታ። «እኛ ጋ በነሐሴ ይሄዳል። በታኅሣሥና በጥር ነው የሚመለሰው።»

«በነሐሴ ወዴት ይሄዳል?» ብሎ ጠየቀኝ።

ሁለታችንም ግድግዳውን አየን። ከእኛ ሲጎድል እዚያ ይሞላል፤ እዚያ ሲደርቅ ወደ እኛ ይመጣል። ፈራሁ፤ ለምን እደብቃለሁ። ውጭ ሰዉ እየተገፋፋ ስለ ዋጋ ይጨቃጨቃል፣ እኛ ግን ባሕር የገባበት ቤት ውስጥ እንደተዘጋብን ሆንን።

ከምሳ በኋላ ጎናቸው ተከራይቶ የሚኖረው መምህር ታደሰ መጣ። የጎጃም ሰው ነው፣ ጂኦግራፊ ያስተምራል፤ እትዬ ፋጡማ በክረምቱ ብቻውን ነው ብላ ሁሌ ትጠራዋለች። ጥያቄዬን ስነግረው ዓይኑ በራና «ሳፋ ይስጡኝ» አለ።

ሳፋውን ውኃ ሞልቶ በአንድ በኩል እፍ እያለ፣ በመዳፉም እየገፋ አሳየኝ። «ይኸውልዎ እትዬ ዘይነባ። በክረምት ንፋሱ ከሰሜን ይነፍስና የቀይ ባሕርን ውኃ በደቡብ ጫፉ ባለው ጠባብ በር ወደ ውቅያኖስ ይገፋዋል፤ እናንተ ጋ ይጎድላል። በበጋ ከደቡብ ይነሣል፤ መልሶ ያስገባዋል።»

የበጋውን ደቡብ ነፋስ ማን ያጣዋል፣ የቤቴን ቆርቆሮ ሁለት ጊዜ የወሰደ ነው። «ይህስ ይሁን። ከዓመት ዓመት ከፍ የሚለውስ?» አልኩት።

«እሱ የንፋስ ሥራ አይደለም። ውኃ ሲሞቅ ያብጣል፤ ማሰሮ ሲፈላ አላዩም? ደግሞ በዓለም ጫፍና ጫፍ ላይ ተራራ የሚያህል በረዶ መሬት ላይ ተከምሯል። ሲቀልጥ ወደ ባሕር ይወርዳል፣ ባሕሩ ይነሣል። በጥንት ዘመን በረዶው ሲበዛ ባሕሩ ወርዶ ያ ጠባብ በር ጅረት ሊመስል ምንም አልቀረውም ነበር።» ከዚያ የሳፋውን ሆድ ከሥር በጉልበቱ ወደ ላይ ገፋው። «አንዳንዴ ደግሞ ውኃው ቆሞ መሬቱ ራሱ ይነሣል፣ ወይም ይሰምጣል።» ሳፋው ተንሸራተተና ውኃው ጫማው ላይ ፈሰሰ። እትዬ ፋጡማ ሳቀች።

ነጠላዬን ፈትቼ ዛጎሏን አሳየሁት። አገላብጦ አያትና «ባሕሩ እዚያ ነበር» አለ። «አፋርም እንዲሁ ነው። መሬቱ ሰምጦ ባሕር ገባበት፣ በሩ ተዘጋ፣ ውኃው ደረቀ፣ ጨዉ ቀረ። እሱ ነው አሞሌው።»

አሞሌ ትፍቅ የነበረችው እትዬ ፋጡማ ቢላዋዋን አቆመች። «እኛም የምንበላው ባሕር ነው?»

«የድሮ ባሕር» አለ መምህሩ።

ወንድሜ ተነሥቶ ወጣ። ግድግዳውንም ለመምህሩ አሳየሁት። ጨው የክረምቱን እርጥበት እየጠጣ ጭቃውን ይወጣዋል፣ ሲደርቅ መስመር ይተዋል አለኝ፤ እውነቱን ነው። «ጆንያ ያልነካው ግድግዳ ላይስ እንዲህ ቀጥ ብሎ እንዴት ዞረ?» ስለው ግን ጎንበስ ብሎ አየ፣ አሸተተ፣ መነጽሩን ጠረገ። «እኔ እንጃ» አለና ሻዩን ሳይጨርስ ወደ ክፍሉ ሄደ።

ዓርብ። ለጁምዓ ሰዉ ከመስጊዱ ተርፎ መንገዱን ሞላ። ያ ሁሉ ጩኸት በአንድ ጊዜ ጸጥ ሲልና ያ ሁሉ ሰው አንድ ላይ ሲያጎነብስ በሱቁ በር ሆኜ አየሁ። ከስግደቱ በኋላ ወንድሜ ራሱ ወደ አንድ አረጋዊ ሼህ ወሰደኝ። እንቢ እንዲሉልኝ ብሎ እንደሆነ ገብቶኛል። ሼሁ ግን ነገሬን እስከ መጨረሻው ሰምተው «ሙታን አይነካኩም» አሉ፤ «ውኃ ከገባበት ግን ማንሣት ይፈቀዳል። ልጄ፣ የአባትህ ነገር ነው። ሂድ።»

ተመለስን። መጋዘኑ ገብቶ ጣሳውን አነሣና «አልሄድም» አለ። «ሼህም ይበሉ፣ መምህርም ይበል፣ አልሄድም።»

ደሜ ፈላ። ምላሴ ስለት እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ እንደዚያን ቀን ግን ተስሎ አያውቅም። «ጋሼ» አልኩት፣ «ባሕሩ በጋ በጋ አባባ ጋ ይገባል። ክረምት ሲሆን ከእሱ ወጥቶ በዳርቻው ይወርዳል። ከዳርቻው ወደ ጨው ማድረቂያው ይሳባል። ይደርቃል፣ ጆንያ ይገባል፣ መኪና ላይ ይጫናል። እኔ ራሴ በላዩ ተቀምጬ ነው የመጣሁት። አባታችንን በጣሳ እየሰፈርክ ለመርካቶ ትሸጣለህ።»

ይመታኛል ብዬ ፊቴን አዞርኩ። አልመታኝም። ጣሳውን ጨዉ ላይ አስቀመጠና ጆንያዎቹ መካከል ቁጭ አለ።

«አውቃለሁ» አለ።

በሩ ላይ የቆመችው እትዬ ፋጡማ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። አሞሌው ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ካቻምና የላክሁበት ሰው ባሕሩ መጠጋቱን ከነገረው ቀን ጀምሮ፣ ከዚያ መጋዘን አንዲት ቁንጣሪ ጨው ቤቱ አልገባችም። የሚሸጠውን አይቀምስም። ትከሻውን የበላውም ይኸው ነው።

«ካወቅክ ለምን እንቢ ትለኛለህ?» አልኩት።

«ከፍተን ብናጣውስ ዘይነባ?» አለኝ። «አሁን ቢያንስ እዚያ አለ እላለሁ። ባሕሩ ጨርሶ ወስዶት ቢሆንስ? ውኃ ውስጥ እንዳትጥለኝ ነው ያለኝ።»

ታላቅ ወንድሜ ነው፤ አሳድጎኛል፤ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር። አጠገቡ ጨዉ ላይ ተቀመጥኩ። «ካጣነውም አብረን እንጣው» አልኩት። «እኔ ብቻዬን ስጠብቀው ደከመኝ።»

ቅዳሜ አብረን ተነሣን። እትዬ ፋጡማ በርበሬና ሽሮ አስራ ሰጠችን። ሰይድ መጋዘኑን ሲቆልፍ በበሩ ስንጥቅ አየሁ፤ መስመሩ ከሐሙሱ ከፍ ብሎ ወገቤን አልፎ ነበር። በግራም በቀኝም ብከራከረው ዓይኔ ያየው ይኸው ነው።

የመልሱን መንገድ አላስረዝመውም። ሚሌ ላይ ያቺ ሴት ወንድም ይዤ ስመለስ አይታ እልል አለች። ዛጎሉ ሜዳ ጋ ስንደርስ ሰይድ ሾፌሩን አስቁሞ ወረደ፤ ዙሪያውን አየና ተመልሶ ተሳፈረ።

መቃብሩን የከፈትንበትን ቀን ብዙዎቻችሁ ነበራችሁ። ባሕሩ ሩቅ ነበር፣ ሰይድ በቀበረው ቀን እንደነበረው። አሸዋው ከላይ ደረቅ፣ ከሥር እርጥብ ነበር። ወንድሜ መጀመሪያ በአካፋ፣ በኋላ በእጁ ቆፈረ። እጁ ቆመ። «አለ» አለ፤ ድምፁን ለመስማት ጎንበስ ማለት ነበረብን። ከፈኑ የለም፤ አባባ ግን ነበር፣ ጨው ነጭ አድርጎት። ያን ጊዜ ነው እናንተ፣ ለመጠጥ የተሰለፋችሁበትን ውኃ፣ ጀሪካን በጀሪካን ያመጣችሁልን። ሰይድ ጨዉ እስኪለቅ አጥንቱን አንድ በአንድ አጠበው። ያን ውኃ እስክሞት አልረሳላችሁም።

አዲሱን መቃብር ከባሕሩ ራቅ ባለ ጉብታ ላይ ስንቆፍር አካፋው ተንኮሻኮሸ። ዛጎል። ሰይድ ቀና ብሎ አየኝ።

«ይህም ባሕር ነበር።»

«ነበር» አልኩት።

«ይመለሳል?»

«መምህሩ እንደሚለው ነገሩ በበጋና በክረምት የሚቆጠር አይደለም። የልጅ ልጆቻችንም አያዩትም።»

አፈሩን በእጁ አፍሶ፣ ዛጎሉን ለቅሞ አወጣ። «ለአባባ ይበቃዋል» አለና መቆፈሩን ቀጠለ።

ማታ ምስር ወጥ ሠርቼ አቀረብኩለት። ከመርካቶ የመጣች አሞሌ በቦርሳው ነበረች፤ እንዲያወጣት ጠበቅኩ። አላወጣትም። ቀመሰ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ የቤቴን የጨው ጣሳ ሳበ፣ የእኛን የአሰብን ጨው በሁለት ጣቶቹ ቆንጥሮ ነሰነሰበት።

«ወጥ ሠሪ ትባያለሽ» አለኝ፤ «ጨው እኮ የለውም።»